የደከመችው መኪናችንና ማንም ያልለካው ቮልት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ነው። ዛሬ ግን ልጽፍላችሁ የተነሳሁት ስለ መኪና ነው። «ሲስተር ደግሞ ከመቼ ወዲህ መካኒክ ሆነች?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መካኒክ አይደለሁም። ሊበን ተወልጄ ያደግሁ፣ የሥራ ዘመኔንም በምዕራብ ጎጃም ጤና ጣቢያዎች የጨረስኩ ነርስ ነኝ። አንድ ሌሊት የደረሰብን ነገር ግን፣ ሕመምተኛን ሳይለኩ መድኃኒት ማዘዝ በመኪናም ላይ ያው ጥፋት መሆኑን አስተምሮኛል። የከፈልኩበትን ትምህርት ለብቻዬ ይዤ ከምቀመጥ ባካፍላችሁ ይሻላል ብዬ ነው።

ማንኩሳን ካለፍን በኋላ

ነገሩ የሆነው በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ነው። ምራቴ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ነበር። እናቷ በሕይወት ስለሌለች ቡሬ እኔው ቤት መጥታ ነበር የሰነበተችው። የመጀመሪያ ልጇን የተገላገለችው በኦፕራሲዮን ነው። እንዲህ ያለች እናት ምጥ ሲይዛት ቀዶ ሕክምና ሊደረግበት ከሚችል ቦታ መራቅ የለባትም፤ የማሕፀኗ የቀድሞ ጠባሳ በምጥ ጊዜ ሊተረተር ይችላልና። ስለዚህ ቀኗ ከመድረሱ ከአንድ ሳምንት በፊት ወደ ፍኖተ ሰላም ወስደን ሆስፒታሉ አጠገብ ዘመድ ቤት ልናሳርፋት ተስማምተን ነበር። ምጡ ግን ቀጠሮ አላከበረም። ሁለት ሳምንት ቀድሞ፣ ያውም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ዶፍ ዝናብ እየወረደ መጣ።

አምቡላንስ ደወልን። ሌላ ወላድ ሊያመጣ ወደ ገጠር ወጥቷል ተባልን። አምቡላንሱ ለኔ ምራት ብቻ የተገዛ አይደለምና አልተከፋሁም። ልጄ የቤታችንን መኪና አስነሳ። በደጉ ቀን ከእጅ የገዛናት፣ በኮምፒውተር የምትሠራ አሮጌ የቤንዚን መኪና ናት። ስታስነሷት ትንሽ አመነታች፣ ግን ተነሳች። እኔና ምራቴ ከኋላ ተቀመጥን።

የፍቅር እስከ መቃብሩ በዛብህ የተወለደባትን ማንኩሳን እስክናልፍ ድረስ ነገሩ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ አንዲት ትንሽ ዳገት ላይ መኪናዋ ደከመች። ቆመች አላልኩም፤ ደከመች። ልጄ ነዳጅ ሲረግጥ እንደ መናነቅ ትልና ወደ ኋላ ትቀራለች። የፊት መብራቷ ቢጫ ሆኗል። የዝናብ መጥረጊያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሸክም የተሸከመ ይመስላል። ልጄ ፍሬን ነካ ሲያደርግ፣ የኋላው መብራት ሲበራ መሰለኝ፣ ሞተሩ ልክ ሊጠፋ እንደሆነ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ምራቴ እጄን ጨብጣለች። እኔ በሰዓቴ የምጧን ርቀት እቆጥራለሁ፤ በየአምስት ደቂቃው ይመጣ የነበረው በየአራት ደቂቃው ሆኗል።

በሥራዬ ዘመን ደም የፈሰሳቸው እናቶች ብዙ አይቻለሁ። ሰውነት ደም ሲያንሰው እጅና እግርን ያቀዘቅዝና ያለችውን ለልብና ለአንጎል ይቆጥባል። ያቺን ቢጫ መብራት ሳይ በአእምሮዬ የመጣው ይኸው ነው። «ልጄ፣ የማያስፈልገውን ሁሉ አጥፋ» አልኩት። የመስኮቱን ጉም የሚያደርቀውን ማራገቢያ አጠፋ። ሬዲዮኑን አጠፋ። መጥረጊያውን ዝናቡ ጋብ ሲል እያቆመ ሲብስ እያስነሳ ሄደ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መኪናዋ ነፍስ ዘራች። ዳገቱን ወጣች።

መብራቱን ግን ማጥፋት አይቻልም። ጨለማ ነው፣ ዝናብ ነው፣ መንገዱ ላይ ሰውም ከብትም ሊኖር ይችላል። እግዚአብሔር ይስጠውና ከኋላችን አንድ አይሱዙ መጣ። ልጄ ዳር ይዞ በእጁ አስቆመውና ሁኔታውን ነገረው። ሾፌሩ ወደ ውስጥ አየት አድርጎ «እኔ ፊት ፊት እሄዳለሁ፣ ተከተሉኝ» አለ። በእሱ ትልልቅ መብራቶች ብርሃን፣ እኛ ትንሿን መብራት ብቻ አብርተን፣ ቀስ እያልን ፍኖተ ሰላም ገባን። የከተማዋ ስም «የሰላም መንገድ» ማለት ነው፤ በዕድሜዬ ስሙ የዚያን ሌሊት ያህል ትርጉም ሰጥቶኝ አያውቅም። ሾፌሩ ስሙን እንኳን ሳንጠይቀው ጡሩንባውን ነፍቶ ሄደ።

ምራቴ ከንጋቱ በፊት በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ደህና ሆኑ።

ስድስት ወር ያለ ምርመራ

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። መኪናዋ የታመመችው ያን ሌሊት አልነበረም። ከዚያ በፊት ስድስት ወር ሙሉ ምልክት ስታሳይ ቆይታለች። ቀን ቀን ደህና ናት። ማታ ማታ፣ ወይም ዝናብ ሲጥል፣ ወይም ሰው ሞልታ ዳገት ስትወጣ ይደክማታል። እኛም በየጊዜው ወደ ጋራዥ ወሰድናት።

አንዱ ጋ ካንዴላዋ ተቀየረ። ለጥቂት ቀን የተሻላት መሰለን። ሌላው ጋ የቤንዚን ማጣሪያው ተቀየረ። ሦስተኛው «ፓምፑ ደክሟል» ብሎ የቤንዚን ፓምፕ አስገዛን፤ ይህ ብቻውን የአንድ ወር ጡረታዬን በልቶ ተበደርኩበት። ቀጥሎ ኢንጀክተሮቹ ታጠቡ። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ «ይኼ ደጋ አገር ስለሆነ ነው፤ አየሩ ይሳሳል» አለን። የመጨረሻው ባለሙያ «ሞተሩ ይፈታ» ሲል ልጄ ተስፋ ቆርጦ መኪናዋን ባገኘው ዋጋ ሊሸጣት ደላላ አናገረ።

በመሀል ባትሪዋና ዲናሞዋ አልተጠረጠሩም ማለት አይደለም። አንዱ ጋራዥ ባትሪዋን አውጥቶ ቻርጅ አደረገና «ባትሪው ደህና ነው» አለን። እውነቱን ነው፣ ደህና ነበር። ሌላው ዲናሞው ላይ ለካና «ዲናሞው ደህና ነው» አለን። እሱም እውነቱን ነው። ሁለቱም የለኩት አንዳንድ ቦታ ብቻ ስለነበር፣ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ያየው አልነበረም።

ማንንም ለመክሰስ አይደለም ይህን የምጽፈው። እኛም ጤና ጣቢያ ውስጥ ይህን እናደርግ ነበር። ትኩሳት ያለው ሰው ሲመጣ ደሙን ሳናይ የወባ መድኃኒት የሰጠንበት ጊዜ አለ። አንዳንዱ ይድናል፣ አንዳንዱ ደግሞ በሽታው ሌላ ሆኖ ጊዜው ያልፍበታል።

የለካው ልጅ

ምራቴ ሆስፒታል በተኛችበት ሁለተኛው ቀን፣ ልጄ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ አንድ ወጣት ጋ ወሰዳት። እኔም አብሬ ሄድኩ። ልጁ ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ጠየቀን፦ «መቼ መቼ ነው የሚደክማት? ቀን ወይስ ማታ? ደረቅ ሲሆን ወይስ ሲዘንብ? ምን ምን ሲበራ?» ልቤ ሞቀ። እኛ ስንማር «የሕመሙን ታሪክ መውሰድ» ይባል ነበር። ጥሩ ሐኪም እጁን ሕመምተኛው ላይ ከማሳረፉ በፊት ያዳምጣል።

ከዚያ ቀይና ጥቁር ሽቦ ያለውን ቴስተር አወጣ። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው ላይ ለካ፤ 12.3 ቮልት። ሞተሩን አስነስቶ ዲናሞው ላይ ለካ፤ 14.3። «ይኼ ጥሩ ነው» አለ። ወዲያው ባትሪው ላይ ለካ፤ 13.4። ግንባሩን ቋጠረ። ቀጥሎ ልጄን «የፊት መብራቱን፣ ማራገቢያውን፣ መጥረጊያውን፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያውን፣ ሁሉንም አብራው» አለው። ዲናሞው ላይ 14.1። ባትሪው ላይ 11.8።

«ሲስተር፣ አዩት?» አለኝ። «ዲናሞው ያመርታል፣ ባትሪው ጋ ግን አይደርስም። ሁለት ቮልት ከምናምን መንገድ ላይ ይቀራል።»

ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ተከትሎ ጫፉ ላይ ያለውን ላስቲክ ገፈፈው። መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ከገመዱ ክሮች ውስጥ ጤነኛ የቀሩት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። እጄን አስጠግቼ አየሁት፤ ይሞቃል። ልጁ እንዳስረዳኝ፣ በዚያ ገመድ ወደ 30 አምፔር ቢያልፍና 2.3 ቮልት ቢጠፋ፣ 69 ዋት ኃይል እዚያች ጫፍ ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል ማለት ነው። የድሮው አምፖል ሲበራ የሚሰጠውን ሙቀት አስቡት።

እኔ በራሴ ቋንቋ ተረዳሁት። ልቡ ደህና ነው፣ ደሙም ደህና ነው፤ የጠበበው የደም ሥሩ ነው።

ገመዱ ተቀየረ፣ የባትሪው ሁለቱም ጫፎች ተጠርገው ጠበቁ፣ ጥቁሩ ገመድ ከሞተሩና ከመኪናው ብረት ጋር የሚያያዝበት ቦታም ተፋቀ። እንደገና ሁሉም በርቶ ሲለካ ዲናሞው ላይ 14.1፣ ባትሪው ላይ 13.9 ሆነ። ለገመዱና ለእጁ የከፈልነው፣ ለቤንዚን ፓምፑ ካወጣነው አንድ አሥረኛውን አይሞላም።

ቮልት ሲያንስ ሞተሩ ለምን ይደክማል?

ብዙዎቻችን «መኪና የሚሄደው በቤንዚን ነው፣ መብራት ምን አገባው?» እንላለን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ነገሩ ግን ሌላ ነው።

ቮልት ማለት በቀላሉ የኤሌክትሪክ ግፊት ነው። የቧንቧ ውሃን አስቡ። ታንከሩ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ውሃው በኃይል ይወርዳል፤ ዝቅ ካለ ወይም ቧንቧው በዝገት ከጠበበ ይንጠባጠባል። አመሻሽ ላይ ሰው ሁሉ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሲሰካ የቤታችን አምፖል የሚደበዝዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ጤና ጣቢያ ሳለሁ ክትባት የምናስቀምጥበት ማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን ነበረበት። መብራቱ ሲደክም ማቀዝቀዣው እንደ ንብ እምም ይላል እንጂ አይነሳም ነበር። መብራት አለ፣ ግፊት የለም።

በዘመኑ የቤንዚን መኪና ውስጥ ቢያንስ አራት ነገሮች ይህን ግፊት ይፈልጋሉ።

አንደኛው የቤንዚን ፓምፑ ነው። በታንከሩ ውስጥ ያለች የኤሌክትሪክ ሞተር ናት። ቮልት ሲያንስ ቀስ ብላ ትዞራለች፣ የምትገፋውም ቤንዚን ይቀንሳል። ሞተሩ በቆመበት ሲዞር ይህ አይታወቅም፤ ብዙ ቤንዚን አይጠይቅማ። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ግን ጉድለቱ ይወጣል። እኛ ፓምፑን ቀየርነው፤ አዲሱም ፓምፕ ያው ረሃብተኛ ሆነ።

ሁለተኛው ኢንጀክተሩ ነው። ይህ ቤንዚን የሚረጭ ትንሽ በር ነው። የሚከፈተው በኤሌክትሪክ፣ ያውም ለጥቂት ሺህኛ ሰከንዶች ብቻ ነው። ቮልቱ ሲደክም በሩ ለመከፈት ይዘገያል። ከዚያች አጭር ጊዜ ላይ ትንሽ ከተቀነሰ የሚረጨው ቤንዚን ጎደሎ ይሆናል። የመኪናው ኮምፒውተር ቮልቱን እያየ ጊዜውን ሊያራዝም ይሞክራል፤ ይህ ግን የሚረዳው እስከ ልክ ነው።

ሦስተኛው ብልጭታው ነው። መካኒኮች ቦቢና የሚሉት ዕቃ የባትሪውን 12 ቮልት በሺዎች ወደሚቆጠር ቮልት ከፍ አድርጎ ካንዴላው ላይ እሳት ያስፈናጥራል። በቦቢናው ውስጥ የሚጠራቀመው ጉልበት ከሚያልፍበት ኤሌክትሪክ ጋር በእኩል አይቀንስም፤ በእጥፍ ስሌት ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ካላካካሰው፣ ግፊቱ በአንድ አምስተኛ ሲቀንስ የብልጭታው ጉልበት ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። ዳገት ላይ ደግሞ ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየር ስለሚበዛ እሳቱ ለመዝለል የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። ብልጭታው አንዳንዴ ይስታል፣ መኪናዋም ትናነቃለች።

አራተኛው ራሱ ኮምፒውተሩና መረጃ የሚያቀብሉት መሣሪያዎች ናቸው። ቮልቱ በጣም ሲወርድ የተሳሳተ ነገር ሊያነቡ ይችላሉ። አንዱ ከሌላው ጋር የማይገናኝ ብዙ የጥፋት ምልክት በአንድ ጊዜ ከታየ፣ ሁሉም ዕቃ በአንድ ቀን ተበላሸ ከማለት በፊት የጋራ ምግባቸውን መጠርጠር ነው።

የደጋው ነገርስ? ጎረቤታችን ጨርሶ አልተሳሳተም። በ2,000 ሜትር ከፍታ አካባቢ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ሞተርም ከጉልበቱ ያንን ያህል ያጣል። ግን ከፍታው ቀንም ማታም ያው ነው። መኪናችን ቀን ደህና ሆና ማታ የምትደክም ከሆነ፣ ቡሬ ማታ ማታ ወደ ላይ አትወጣምና ምክንያቱ ሌላ ነው።

አይሱዙውና ፎልሱ

ያን ሌሊት የመራን አይሱዙ ለምን አልደከመም? አንዱ ምክንያት የናፍጣ ሞተር ብልጭታ የማይፈልግ መሆኑ ነው። ናፍጣ የሚቀጣጠለው አየሩ በኃይል ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ነው። በተለይ የድሮዎቹ፣ ፓምፓቸው በሞተሩ ጉልበት የሚሠራው፣ አንዴ ከተነሱ በኋላ ኤሌክትሪክ የሚፈልጉት በጣም ጥቂት ነው። ችግራቸው መነሻው ላይ ነው፤ ሞተሪኖው በቂ ቮልት ካላገኘ ቀስ ብሎ ያዞርና አየሩ ሳይሞቅ ይቀራል። አዳዲሶቹ የናፍጣ መኪናዎች ግን በኮምፒውተር የሚሠሩ ስለሆኑ ከቤንዚኖቹ ብዙ አይለዩም።

ዕድሜያችሁ የኔን ያህል ከሆነ ፎልስን ታስታውሳላችሁ። የጥንቶቹ ፎልሶች ባትሪያቸው 6 ቮልት ብቻ ነበር፤ ወደ 12 ቮልት የተሸጋገሩት በ1960ዎቹ የፈረንጆች ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። መብራታቸው እንደ ኩራዝ የደበዘዘ ነበር። ግፊቱ በግማሽ ሲሆን ያንኑ ሥራ ለመሥራት ሁለት እጥፍ ኤሌክትሪክ በገመዱ ውስጥ ማለፍ አለበት፤ በዚያው ገመድ ላይ በሙቀት የሚባክነው ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ ዝገት ብዙ ያስከፍላቸው ነበር። የአሜሪካ መኪና ሠሪዎች በ1950ዎቹ ወደ 12 ቮልት የዞሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

«እኔ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ገዝቻለሁ፣ ይኼ አይመለከተኝም» የምትሉም አትቸኩሉ። የኤሌክትሪክ መኪናም ከትልቁ ባትሪው ሌላ ብዙውን ጊዜ አንዲት ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለችው። ኮምፒውተሮቹን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሞልቶም መኪናው ላይነሳ ይችላል። የቤንዚን መኪና ያለን ደግሞ፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ያለችንን አሮጌ መኪና መንከባከብ ግድ ሆኖብናል።

በቤታችሁ ልትለኩት የምትችሉት

የሙቀት መለኪያ ቤት ውስጥ እንደምናስቀምጥ፣ መኪና ያለው ቤተሰብ አንድ ተራ ቴስተር ቢኖረው ጥሩ ነው። ቴስተሩ በቀጥታ ኤሌክትሪክ ቮልት ላይ ይደረግና ቀዩ በባትሪው የመደመር ጫፍ፣ ጥቁሩ በመቀነሱ ጫፍ ላይ ይነካል። እንዲህ አድርጋችሁ አንብቡት።

ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትነሳ፦ 12.6 ገደማ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። ከ12 በታች ከወረደ ሊያልቅ ተቃርቧል።

ሞተሩ ሲነሳ፦ ቁልፉ ሲዞር ለቅጽበት ይወርዳል። ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ወይም ገመዱ ይታይ።

ሞተሩ እየዞረ፦ ከ13.5 እስከ 14.7 ቢሆን ጤና ነው። ከ15 በላይ ካለፈም በሽታ ነው፤ ባትሪውን አፍልቶ ያደርቀዋል። ግፊት ሲያንስም ሲበዛም ይጎዳል።

ሁሉም መብራት በርቶ፦ የኛ መኪና በሽታ የተገኘው እዚህ ላይ ነው። ባትሪው ላይ ያለው ከ13 በታች ከወረደ ባለሙያ ጋ ሂዱና «ዲናሞው ላይና ባትሪው ላይ፣ ሁሉም በርቶ፣ ለይተህ ለካልኝ» በሉት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ቮልት እንኳን መሙላት የለበትም። ይህን ዓረፍተ ነገር ከያዛችሁ፣ እኛ ያወጣነውን ገንዘብ ላታወጡ ትችላላችሁ።

ቴስተር ባይኖራችሁም ዓይንና ጆሮ አለ። ማታ መኪናዋን ግድግዳ ፊት አቁማችሁ መብራቱን አብሩ። ነዳጅ ሲረገጥ መብራቱ የሚደምቅ፣ ሲለቀቅ የሚደበዝዝ ከሆነ ምልክት ነው። መጥረጊያው ከወትሮው ከዘገየ፣ ስታስነሷት ሞተሪኖው ካቃሰተ፣ ከኮፈኑ ስር ሲጢጥ የሚል የቺንጋ ድምፅ ከሰማችሁ፣ የባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ፣ እነዚህ ሁሉ ምልክቶች ናቸው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የባትሪ መብራት አልበራችም ብላችሁ አትዘናጉ። የኛ ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልበራችም፤ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነበርና።

እንደ ነርስ የምለምናችሁ

ሞተሩ እየዞረ ኮፈን ስር የምትገቡ እህቶች፣ ነጠላችሁንና ሻሻችሁን አውልቁ፤ ፀጉራችሁን ሰብስቡ። ቺንጋው ለሰው አያዝንም። ቀለበትና አምባርም አውልቁ፤ ብረት የባትሪውን ሁለት ጫፍ ካገናኘ እስከ አጥንት ያቃጥላል።

ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ በቀላሉ የሚፈነዳ ጋዝ ይወጣዋል። ሲጋራም ሻማም ክብሪትም አታስጠጉ። ገመዱን ስትፈቱ መጀመሪያ የመቀነሱን፣ ስታስሩ በመጨረሻ የመቀነሱን ያዙ። ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ የጉድጓድም የቧንቧም ውሃ አይሆንም።

በባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ ነው። ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቃችሁ በብዙ ውሃ እጠቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ሳትዘገዩ፣ የዓይኑን ቆብ ከፍታችሁ፣ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ወተት፣ ቅቤ፣ ቅጠል የሚባል ነገር አታድርጉበት።

ያረጀ ባትሪ ደግሞ ጓሮ አይጣል፣ ልጆች መቀመጫም አይሁን። ውስጡ እርሳስ ነው። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ቀስ ብሎ ይጎዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም።

በስተመጨረሻ

ያን ሌሊት የተወለደችው የልጅ ልጄ አሁን ሦስት ዓመት አልፏታል። መኪናዋም አልተሸጠችም። በኮመዲኖዬ መሳቢያ ውስጥ የልጅቷ የክትባት ካርድ አለ፤ ከሱ ስር አንዲት ትንሽ ደብተር አለች። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጄ ሁሉንም መብራት ያበራል፣ እኔ ቴስተሩን ይዤ እለካለሁ፣ ቁጥሩን እጽፋለሁ። ባለፈው ወር 13.8 ነበር።

ልጅቷ አጠገቤ ቆማ «አያቴ፣ አሟታል?» ትለኛለች። «ኧረ የለም፣ ደህና ናት» እላታለሁ። አሁን ለክቼ ስለማውቅ፣ በእርግጠኝነት ነው የምላት።